ዕጩ መምህራን የፊደል አጻጻፋቸውንና ሥርዓተ ነጥባቸውን የሚያሻሽሉበት ዝርዝር መመሪያ

በአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈው ቃል፣ ትክክል ሆነም አልሆነ፣ በዚያው ክፍለ ጊዜ በተማሪዎቹ ደብተር ሁሉ ይገለበጣል። ተማሪው ለፈተና የሚያጠናው፣ ቤቱም ሲገባ ለታናሹ የሚያሳየው ያንኑ ነው። ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች ወደ ልምምድ ትምህርት ቤቶች ከመሰማራታቸው በፊት የገዛ ጽሑፋቸውን መፈተሽና ማረም ይኖርባቸዋል። ይህ መመሪያ ሥራውን ከየት ጀምረው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄዱ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

በቅደም ተከተሉ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ስለ አማርኛ አጻጻፍ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ወደ ሞክሼ ፊደላት ይሄዳል፤ «ሥራ» በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? «ሐሳብ» በየትኛው ሀ ይጻፋል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ በቦታቸው እንመለስባቸዋለን። ነገር ግን የሠልጣኞችን ወረቀት ተቀምጦ ለሚያርም ሰው ቀድሞ ዓይኑን የሚይዘው ሌላ ነው፤ ድምፁ ራሱ የተለወጠ ሆሄ፣ ያለ ቦታው የተቆረጠ ወይም የተጣበቀ ቃል፣ አራት ነጥብ ሳያገኝ ግማሽ ገጽ የሚወርድ ዓረፍተ ነገር። ሞክሼ ፊደል ቢቀያየር አንባቢው ብዙውን ጊዜ ቃሉን ሳይቸገር ያነብበዋል፤ እነዚህኞቹ ግን ንባቡንም ትርጉሙንም ያበላሻሉ። ስለሆነም ልምምዱ ከእነርሱ ይጀመር፤ ሞክሼዎቹ መጨረሻ ላይ ይምጡ።

አንደኛ፦ የራስን ስሕተት ለይቶ ማወቅ

ሁለት ጽሑፎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ቃለ ጽሕፈት ነው። ከአራተኛ ወይም ከአምስተኛ ክፍል የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ አንድ አጠር ያለ ምንባብ ይምረጡና ጓደኛዎ በዝግታ እንዲያነብልዎ፣ ሥርዓተ ነጥቡን ግን እንዳይነግርዎ ያድርጉ። ሁለተኛው በዕለቱ ስላጋጠመዎት ነገር ከራስዎ የሚጽፉት አንድ አንቀጽ ነው። ሁለቱም የሚያስፈልጉበት ምክንያት አለ፤ በቃለ ጽሕፈት ጊዜ ሰው ለሆሄው ይጠነቀቃል፣ የራሱን ሐሳብ ሲጽፍ ግን እጁ የለመደውን ይጽፋል። እውነተኛው ልማድ የሚገኘው በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ደብተር በአራት ዓምድ ይክፈሉ፦ ድምፅ የሚለውጥ የሆሄ ስሕተት፣ ቃላትን የማያያዝና የመነጠል ስሕተት፣ የሥርዓተ ነጥብ ስሕተት፣ የሞክሼ ስሕተት። ያገኙትን ሁሉ በየዓምዱ ይመዝግቡ። ምን ማለቴ እንደሆነ ለማሳየት፣ ለዚህ መመሪያ ሲባል የተዘጋጀውን የሚከተለውን አንቀጽ ይመልከቱ፤ ስሕተቶቹ በየሠልጣኙ ወረቀት ላይ የሚታዩት ዓይነቶች ናቸው።

«ትናንት ከ ደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስሄድ ሐረጎ ላይ ጉም ስለነበር መኪናው ቀስ እያለ ነበር የሚሄደዉ፣ ተማሪወቹ ግን ቀድመዉ ደርሰዉ ነበር መምህሩ የት ነበርክ ብሎ ጠየቀኝ እኔም መንገድ ላይ ቆይቸ ነዉ አልኩት::»

በመጀመሪያው ዓምድ «የሚሄደዉ»፣ «ተማሪወቹ»፣ «ቀድመዉ»፣ «ደርሰዉ»፣ «ቆይቸ» እና «ነዉ» ይገባሉ፤ በሁለተኛው «ከ ደሴ» ይገባል። በሦስተኛው ደግሞ ያለ ቦታው የገባ ነጠላ ሰረዝ፣ የጎደሉ አራት ነጥቦች፣ የጎደለ የጥያቄ ምልክት፣ የጎደሉ የጥቅስ ምልክቶች እና በኮምፒውተር ኮለን የተተካ አራት ነጥብ ይሰፍራሉ። አራተኛው ዓምድ ባዶ ነው። ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦

«ትናንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስሄድ ሐረጎ ላይ ጉም ስለነበር፣ መኪናው የሚሄደው ቀስ እያለ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ቀድመው ደርሰው ነበር። መምህሩ ‹የት ነበርክ?› ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ‹መንገድ ላይ ቆይቼ ነው› አልኩት።»

የራስዎ ደብተር ከዚህ የተለየ ሥርጭት ሊኖረው ይችላል። የትኛው ዓምድ እንደበዛ አይተው የልምምድ ጊዜዎን በዚያው ልክ ያከፋፍሉ።

ሁለተኛ፦ ድምፅ የሚለውጡ ሆሄያት

የግዕዝ፣ የካዕብ፣ የሣልስ፣ የራብዕ፣ የኃምስ፣ የሳድስና የሳብዕ ቅደም ተከተል በቃል የማይወጣለት ሠልጣኝ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ሆሄያት ለጆሮ ሲቀራረቡ ነው፤ በተለይ ወ፣ የ፣ ቸ፣ ጀ፣ ሸ እና ኘ ላይ። ለዚህ የሚረዳው ዘዴ ቀላል ነው፦ የሚያጠራጥረውን ቃል ትተው፣ በዚያው ሰዋስዋዊ ቦታ ላይ የሚገባ፣ ሆሄው የማያጠራጥር ሌላ ቃል ያስቡ።

«መጥቼ» ነው ወይስ «መጥቸ»? በቦታው «ነግሬ» የሚለውን ያስገቡ። «ነግረ» እንደማይባል ማንም ያውቃል፤ ሬ ኃምስ ነው። ስለዚህ ቼም ኃምስ ይሆናል፤ መጥቼ፣ ሠርቼ፣ ሄጄ፣ ቆይቼ። ለባለቤትነትም እንዲሁ ነው፤ «ቤቴ» ስለሚባል «ልጄ» እና «ተማሪዬ» ይባላል፣ «ልጀ» እና «ተማሪየ» አይጻፍም። በተቃራኒው «ጀመረ» ሲጻፍ በቦታው «ነገረ» ይገባል፤ ነ ግዕዝ ስለሆነ ጀም ግዕዝ ነው። «መጽሐፋቸው» ላይ ያለው ቸም ግዕዝ ስለሆነ ኃምሱን ቼ እዚያ ማስገባት አይገባም።

«ተማሪዎች» ነው ወይስ «ተማሪወች»? «ልጆች» እና «ቤቶች» የሚሉትን ያስቡ። ጆም ቶም ሳብዕ ናቸው፤ ስለዚህ በአናባቢ የሚያልቅ ቃል ሲበዛ የሚጨመረው ሳብዑ ዎ ነው። ሆሄውን በጠመኔ ሲጽፉ የዎን ቅርጽ ከወ በግልጽ ይለዩት፤ ልጆች በእጅ ጽሑፍ ላይ በቀላሉ ያምታቱታል።

ስለ ው እና ዉ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። «ነው»፣ «ሰው»፣ «ተማሪው»፣ «ውስጥ»፣ «ውድ» ሁሉም በሳድሱ ው ይጻፋሉ። ካዕቡ ዉ በአማርኛ ቃላት ውስጥ ቦታው በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ በተጠራጠሩ ጊዜ ው ይጻፉ።

ለዓይን በመመሳሰላቸው ብቻ የሚቀያየሩም አሉ፤ «ነኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ «ነኘ» ሆኖ ይገኛል። «ጊዜ» ደግሞ በሣልሱ ጊ ነው፤ «ግዜ» የሚለው በምልክቶችና በማስታወቂያዎች ላይ ስለበዛ ትክክል መስሎ መታየት ጀምሯል። «እየ» እና «እያ» የሚለዩት በግሱ መነሻ ነው፤ ሄደ፣ እየሄደ፤ አነበበ፣ እያነበበ።

ሦስተኛ፦ የሚያያዙና የሚነጠሉ ቃላት

አንድ ሆሄ ብቻ የሆኑት ከ፣ በ፣ ለ እና የ ምንጊዜም ከሚከተለው ቃል ጋር ይያያዛሉ። ቁጥር ሲከተላቸውም ቦታ አይተውም፤ በ1962፣ ከ4ኛ ክፍል፣ የ2ኛው መንፈቅ። ስለ፣ ወደ፣ እንደ እና እስከ ስም ሲከተላቸው ተነጥለው ይጻፋሉ (ስለ ትምህርት፣ እስከ ማታ)፣ ግስ ሲከተላቸው ግን ይያያዛሉ (ስለመጣ፣ እስከሚመጣ)። «እርሳስና ደብተር» ወይም «እርሳስ እና ደብተር» ይባላል፤ «እርሳስ ና ደብተር» ግን ና ትእዛዝ ሆኖ ስለሚነበብ አንባቢን ግራ ያጋባል። ትምህርት ቤት፣ ርእሰ መምህር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሥነ ምግባር የመሳሰሉትን ነጥሎ መጻፍ ተመራጭ ነው። «በአንድ» እና «ባንድ»፣ «ሄዶአል» እና «ሄዷል» ሁለቱም ተቀባይነት አላቸው፤ አንዱን መርጦ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እስከ መጨረሻው መዝለቅ በቂ ነው።

አራተኛ፦ ሥርዓተ ነጥብ

ብዙዎቻችን በልጅነታችን «ትንፋሽ በወሰድንበት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ይገባል» ተብለን ተምረናል። ይህ ትምህርት ጎድቶናል ብዬ አምናለሁ። ትንፋሽ እንደ አንባቢው ይለያያል፤ ሥርዓተ ነጥብ ግን የዓረፍተ ነገሩን አወቃቀር ተከትሎ የሚገባ ነው። ስለዚህ ዕጩ መምህር ከትንፋሽ ይልቅ ማሰሪያ አንቀጽ መፈለግን ይልመድ።

አማርኛ በተለመደው አሠራሩ ማሰሪያውን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያደርጋል። ጽሑፍዎን ይዘው ሐሳቡን የሚያስሩትን ግሶች ብቻ ያስምሩባቸው፤ መጣ፣ ነበር፣ ይሄዳል፣ ነው፣ አልኩት። በእያንዳንዱ ፊት ለፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ እዚህ ብቆም ሐሳቡ ሙሉ ነው? ሙሉ ከሆነ አራት ነጥብ ይገባል። «ስለነበር»፣ «ሲመጣ»፣ «ሄዶ»፣ «ቢሆንም» ማሰሪያ ስላልሆኑ አራት ነጥብ አይቀበሉም። ይህን ልምምድ ለጥቂት ሳምንታት በገዛ ጽሑፍ ላይ ያለማቋረጥ የሠራ ሰው ረጅም ዓረፍተ ነገር እንኳ ሲጽፍ መንገድ አይጠፋበትም።

ድርብ ሰረዝ የሚገባው እያንዳንዳቸው ማሰሪያ ባላቸው፣ ነገር ግን በሐሳብ በተቆራኙ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ነው፤ «ደሴ ይበርዳል፤ ኮምቦልቻ ግን ይሞቃል።» በዚህ ቦታ ነጠላ ሰረዝ ማስገባት በጣም ከሚዘወተሩት ስሕተቶች አንዱ ነው። ነጠላ ሰረዝ ሥራው ሌላ ነው፤ ዝርዝሮችን ይለያል፣ ረዘም ያለውን ጥገኛ ሐረግም ከዋናው ይከፍላል። «እርሳስ፣ ላጲስና ደብተር» ሲባል ና ባለበት ቦታ ሰረዝ አይደገምም። አጭር ጥገኛ ሐረግ («ሲመጣ ነገርኩት») ደግሞ ሰረዝ አያስፈልገውም።

የጥያቄ ምልክት ራሱ መዝጊያ ስለሆነ አራት ነጥብ አይጨመርበትም። «ማን እንደመጣ ጠየቀ» የሚለው ግን ጥያቄ መኖሩን የሚናገር እንጂ የሚጠይቅ ስላልሆነ በአራት ነጥብ ይዘጋል።

የጥቅስ ምልክት በአማርኛ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ቋንቋችን የሌላውን ሰው ንግግር ሲያወሳ ብዙ ጊዜ ተናጋሪው እንዳለው፣ በ«እኔ» መደብ እንዳለ ያስቀምጠዋል። አንድ ወላጅ «መምህሩ ልጄ ጎበዝ ነው አለ» ብሎ ቢጽፍ ጎበዙ የማን ልጅ ነው? የመምህሩ ነው ወይስ የጸሐፊው? በንግግር ጊዜ የድምፅ አወጣጥ ይፈታዋል፤ በጽሑፍ ግን ከምልክት በቀር የሚፈታው የለም። መምህሩ «ልጄ ጎበዝ ነው» አለ ከተባለ ልጁ የመምህሩ ነው። የጸሐፊው ልጅ ከሆነ «መምህሩ፣ ልጄ ጎበዝ እንደሆነ ተናገረ» ብሎ መለወጥ ይሻላል። ይህን አንድ ምሳሌ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ተማሪዎች ሰሌዳ ላይ ጽፈው «የማን ልጅ ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ የጥቅስ ምልክት ለምን እንዳስፈለገ ከማንኛውም ትርጓሜ በበለጠ ይገባቸዋል። ጥያቄ ሲጠቀስ ምልክቱ ከጥቅሱ ውስጥ ይቀራል፦ «መቼ ትመጣለህ?» አለኝ።

ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ዝርዝር ወይም ጥቅስ እንደሚከተል ያመለክታል፤ ቃለ አጋኖ ደግሞ አንዱ ይበቃል፣ ሦስት አይደረደርም። ቃላትን የሚለየው ሁለት ነጥብ በዛሬው የኮምፒውተር ጽሑፍ ቦታውን ለባዶ ክፍት ቦታ ለቅቋል፤ ሆኖም በብራና መጻሕፍትና በእጅ ጽሑፍ ስለሚገኝ ልጆች ሲያዩት ምን እንደሆነ እንዲያውቁ ማድረግ ተገቢ ነው።

አምስተኛ፦ ሞክሼ ፊደላት በቤተሰባቸው

ሞክሼ ፊደላትን ቃል በቃል መሸምደድ አድካሚና ቶሎ የሚረሳ ነው። በቤተሰብ መያዝ ይሻላል፤ ግዕዙን ግስ ካወቁ ልጆቹ ሁሉ ይከተሉታል። ጸሐፈ ካለ መጽሐፍ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት ይመጣሉ። ነግሠ ካለ ንጉሥና መንግሥት ይመጣሉ። ኀብረ ካለ ኅብረት፣ ማኅበር፣ ማኅበረሰብ ይመጣሉ። ለመምህር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያስፈልገው ጥንድ ይህ ነው፦ መሀረ በሃሌታው ሀ «አስተማረ» ማለት ሲሆን መምህርና ትምህርት የመጡት ከእርሱ ነው፤ መሐረ በሐመሩ ሐ «ይቅር አለ» ማለት ሲሆን ምሕረት የመጣው ከዚያ ነው። እንዲሁም ሰአለ «ለመነ» ነው፣ ስእለት ከእርሱ ይወጣል፤ ሠዐለ «ሥዕል ሠራ» ነው፣ ሠዓሊና ሥዕል ከእርሱ ይወጣሉ።

በደሴና በአካባቢዋ ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት አለ፤ ሳይታወቅ ይቀራል እንጂ። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ሠልጣኝ ብዙዎቹን ቃላት በዓይኑ ያውቃቸዋል። ቁርኣን የቀራ ሠልጣኝ ደግሞ በጆሮው ሊለያቸው ይችላል፤ ምክንያቱም በአማርኛ ንግግር የተዋሐዱት ድምፆች በዐረብኛ ተለይተው ይነገራሉ። ሐኪም በዐረብኛም በሐ ነው። ዓይን በዐ ነው። የፊደሉ ኃምስና የዐረብኛው «ኸምሳ» ዘመዳሞች ናቸው፤ ኀ ከኸ ጋር ይገጥማል። ምሥራቅ በዐረብኛ «መሽሪቅ» ሲሆን ሌብነትን የሚገልጸው ሰረቀ ግን እዚያም በስ ድምፅ ይነገራል፤ ሠ እና ሰ የተለያዩበትን ምክንያት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጥንድ ማግኘት ያስቸግራል። ፀሐይም ከወጣች በኋላ ከሚሰገደው ዱሓ ጋር ትዛመዳለች። ዝምድናው ሁልጊዜ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሕግ ስላልሆነ በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ አይቀርም፤ ሆኖም ዳዊት የደገመውና ቁርኣን የቀራው ሠልጣኝ አንድ ላይ ተቀምጠው የቃላት ዝርዝር ቢያዘጋጁ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ብዙ ነው።

መዝገበ ቃላትን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላትም ሆነ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የተደረደሩት በአበገደ ተራ ነው። በሀ ሁ ተራ የሚፈልግ ሰው ቃሉን አጥቶ «የለም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ የአበገደን ቅደም ተከተል አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ ማስቀመጥ ይጠቅማል። የደስታ መዝገበ ቃላት በርእሱ «ዐዲስ» በዓይኑ ዐ ተጽፏል፤ ዛሬ ሕዝቡ የሚጽፈው ግን «አዲስ» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥም ሠልጣኙ ትምህርት ቤቱ የሚጠቀምበትን የመማሪያ መጽሐፍ ይከተል፤ ለልጆች ከሁሉ የሚከፋው መጽሐፉ አንድ፣ ሰሌዳው ሌላ ሲላቸው ነው። ከውጭ ቋንቋ የገቡት ኮሌጅ፣ ሆስፒታል፣ ሲሚንቶ የመሳሰሉት በተለመዱት ሀ፣ ሰ እና አ ይጻፋሉ።

የሰው ስም ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ኃይሉና ሃይሉ፣ ሐሰንና ሀሰን፣ ሰዒድና ሰይድ፣ ዑመርና ኡመር ባለቤቶቻቸው እንደሚጽፉት ይጻፋሉ። የስም መጥሪያ ሲያዘጋጁ ከተማሪው ማስረጃ ላይ በቀጥታ ይገልብጡ፤ በክፍል ፈተናና በምስክር ወረቀት ላይ የተለያየ ስም ይዞ የሚገኝ ልጅ ኋላ ላይ የሚከፍለው እንግልት ከባድ ነው።

ስድስተኛ፦ ስልክ፣ ኮምፒውተርና ጠመኔ

በስልክ ሲጽፉ አራት ነጥብን በሁለት ኮለን ወይም በሁለት ሁለት ነጥብ መተካት ተለምዷል። ለዓይን ቢመሳሰልም ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች አድርጎ ስለሚይዘው፣ አንዱ በመስመር መጨረሻ ሌላው በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የአማርኛው ገበታ የራሱ ። አለው፤ የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ አንድ ጊዜ ፈልጎ ማወቅ ነው። ምልክቱ ከቃሉ ጋር ይጣበቃል፤ ክፍት ቦታ የሚመጣው ከእርሱ በኋላ ነው።

በሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ከጓደኛ ጋር ባዶ ክፍል ውስጥ መለማመድን የሚተካ የለም። አንድ አንቀጽ ይጻፉና ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደው ያንብቡት፤ የሳድሳት ቅርጽ፣ የኃምስ ቀለበትና የነጠላ ሰረዝ ጭረት ከዚያ ካልታዩ፣ ለልጆቹም አይታዩም።

ሰባተኛ፦ ዕቅድን ማረምና የልጆችን ጽሑፍ ማረም

ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ሲያዘጋጁ በሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን ማስታወሻ ቃል በቃል በዕቅዱ ላይ ያስፍሩ፤ ክፍል ውስጥ የሚፈጠር ዓረፍተ ነገር ነው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው። ከጻፉ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግሥቱ መጀመሪያ ለማሰሪያ አንቀጽና ለሥርዓተ ነጥብ ብቻ፣ ቀጥሎ ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እየሄዱ ለሆሄ ብቻ ያንብቡ። ወደ ኋላ ሲነበብ ሐሳቡ ስለማይስብ ዓይን እያንዳንዱን ሆሄ ያያል።

የልጆችን ደብተር ሲያርሙ የተሳሳተውን ሁሉ በቀይ አይሰርዙ። በኅዳጉ ላይ አንድ ሆሄ ብቻ ይጻፉ፤ ለሆሄ ስሕተት ሆ፣ ለቃል ማያያዝና መነጠል ቃ፣ ለሥርዓተ ነጥብ ነ፣ ለሞክሼ ሞ። ልጁ ምልክቱን አይቶ ስሕተቱን በራሱ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሞ አይጠቀሙ፤ ትክክለኛውን ቃል ጎኑ ላይ ጽፎ ማሳየት ይበቃል፣ ነጥብም አይቀነስበት። ተ እና ቱን ገና በመለየት ላይ ያለ ሕፃን «ሥራ»ን በእሳቱ ስ ስለጻፈ ዜሮ ሲያገኝ፣ የሚማረው መጻፍን መፍራት ነው። ከአምስተኛ ክፍል በኋላ ግን ቤተሰባቸውን እያሳዩ አንድ በአንድ መጠየቅ ይገባል፤ «መምህር» በየትኛው ሀ እንደሚጻፍና ለምን እንደሆነ ለማስረዳት፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በቂ ማስተዋል አለው።